ሜዲካል ወደቅኩ፣ እናቴ ሳህን ለየችብኝ

ባለፈው እትም ስለ ጉበት ቫይረስ (ሄፓታይተስ) ሁለት መስመር ጣል አድርጌ ነበር፣ ከዛ በኋላ የመጣውን ጥያቄ ብዛት አልነግራችሁም። ስለዚ ይሄን ወር ገጹን ሙሉ ለሱ ሰጥቼዋለሁ። ጊዜ የማይሰጡትን ጥያቄዎች ያኔውኑ በስልክ መልሻለሁ፣ እዚህ የማወጣቸው ሌላም ሰው ስለሚጠቅሙ ነው። ጽሁፎቹን ትንሽ አሳጥሬያቸዋለሁ፣ ስም የለም።

ሰላም ዶክተር፣ እንደምን አሉ። 23 አመቴ ነው፣ ከኮምቦልቻ ነኝ። ኩዌት ልሄድ ፕሮሰስ ጨርሼ ሜዲካል ላይ ወደቅኩ። ጉበትሽ ላይ ቫይረስ አለ ብለው ወረቀት ሰጡኝ፣ ሌላ ምንም አላሉኝም። አሞኝ አያውቅም፣ አይኔም ቢጫ አይደለም፣ ወገቤን ታጥቄ ነው የምሰራው። ለእናቴ ስነግራት አለቀሰች፣ በማግስቱ ግን ሳህኔንና ብርጭቆዬን ለየችው። ቡና ሲፈላ እንኳን የኔ ሲኒ ብቻውን ነው የሚቀመጠው፣ ታናናሾቼም ከኔ ጉርሻ እንዳይቀበሉ ተከልክለዋል። ደላላው ደግሞ ትንሽ ብር ጨምሪና ንጹህ ወረቀት አስወጣልሻለሁ ይለኛል። እውነት ልሞት ነው?

የኔ እህት፣ መጀመሪያ የሲኒውን ነገር እንጨርስ። ጉበትሽ ላይ አለ ያሉሽ ቫይረስ፣ ሄፓታይተስ ቢ የሚባለው፣ በሳህን፣ በብርጭቆ፣ በሲኒ፣ አብሮ በመብላት፣ በጉርሻ፣ በመሳሳም፣ በመተቃቀፍ አይተላለፍም። አይተላለፍም። ሁለቴ የጻፍኩት እናትሽ እንዲያነቡት ነው።

የሚተላለፈው በደምና በሰውነት ፈሳሽ ነው። ከእናት ወደ ልጅ በወሊድ ሰአት፣ በግብረ ስጋ ግንኙነት፣ ደም በነካው ስለታም ነገር። እኔን የሚገርመኝ ሲኒ የሚለይ ቤት ምላጭ አለመለየቱ ነው፣ አንድ የጥፍር መቁረጫ መስኮት ላይ ተቀምጦ ስድስት ሰው ይቆርጥበታል ማንም ምንም አይልም። ይሄ ቫይረስ ደሞ ከሰውነት ወጥቶ በደረቀ ደም ላይ ቢያንስ 7 ቀን ሳይሞት ይቆያል። ስለዚ እናንተ ቤት መለየት ያለበት ምላጭ፣ የጥፍር መቁረጫ፣ የጥርስ ብሩሽ፣ መርፌና የጆሮ ጌጥ ነው። ቁስል ካለሽ ሸፍኚው፣ ደም የነካው ቦታ በበረኪና ይጠረግ፣ በቃ ይሄው ነው። ሲኒሽን ከሌሎቹ ጋ ረከቦት ላይ መልሺው።

እንዴት ያዘኝ እያልሽ ራስሽን እያስጨነቅሽ እንደሆነ ከጽሁፍሽ ገብቶኛል። ባገራችን ብዙው ሰው የሚይዘው በትልቅነቱ ባደረገው ነገር አይደለም፣ በህጻንነቱ ነው። ወይ ሲወለድ ከእናቱ፣ ወይ አብረውት ከሚጫወቱ ልጆች ቁስል፣ ወይ እንጥል ሲቆረጥ፣ ሲገረዝ፣ ድድ ሲነቀስ፣ ዋግምት ሲደረግለት። ልዩነቱ ምን መሰለሽ፣ ትልቅ ሰው ሲይዘው ከ100 ሰው 95ቱ ላይ ሰውነት ራሱ ጠራርጎ ያስወጣዋል፣ ጨቅላ ሲይዘው ግን ከ10 ልጅ 9ኙ ላይ እንደተቀመጠ ይቀራል፣ ልጁም ምንም ሳይታወቀው ያድጋል ይዳራል ይወልዳል። ክትባቱ ከመደበኛው የህጻናት ክትባት ጋር የተጨመረው እ.ኤ.አ. በ2007 ነው፣ ጤና ኤክስቴንሽኖቹ ፔንታ የሚሉት ውስጥ ነው ያለው። አንቺ ያኔ ነፍስ አውቀሽ ነበር፣ አመለጠሽ።

አሁን የምለውን ደሞ እናትሽ ሳይቀየሙኝ ይስሙኝ። ሳህን የለዩት እናት ራሳቸው መመርመር አለባቸው። ምናልባት ቫይረሱ ካንቺ ወደሳቸው ሳይሆን ከሳቸው ወዳንቺ ነው የመጣው፣ ወደሳቸውም ከእናታቸው። ጥፋተኛ ፍለጋ አይደለም፣ ባገራችን የተሰሩ ጥናቶች አንድ ላይ ሲታዩ ከ100 ሰው ወደ 7ቱ ይሄ ቫይረስ አለበት፣ አንድ ሙሉ ሚኒባስ ውስጥ አንድ ሰው ማለት ነው፣ ረዳቱ ሊሆን ይችላል። እናትሽም ታናናሾችሽም ይመርመሩ፣ ነጻ የሆነ ሰው 3 ዙር ይከተብ፣ ዛሬ፣ ከወር በኋላ፣ ከ6 ወር በኋላ። ሲጨርሱ ካንቺ የሚፈሩት ነገር አይኖርም።

ልሞት ነው ወይ ላልሽው፣ አይደለም። ግን ዝም ብለሽም አትቀመጪ፣ ጉበት እኮ የመታመም ድምጽ የለውም፣ ህመም ተሰማኝ ብሎ ሰው ሲመጣ ብዙ ጊዜ ሆዱ ውሃ ቋጥሮ ነው። በአለም ላይ በሄፓታይተስ ቢ እና ሲ እ.ኤ.አ. በ2022 ብቻ 1.3 ሚሊዮን ሰው ሞቷል፣ አብዛኛው ጉበቱ ጠባሳ ይዞ ወይ ወደ ካንሰር ተቀይሮበት ነው፣ ይሄ ደሞ አስር ሃያ ሰላሳ አመት የሚፈጅ ነገር ነው። ያ ጊዜ ያንቺ ነው፣ ተጠቀሚበት። ሆስፒታል ሄደሽ የጉበት ምርመራ (ኤኤልቲ የሚሉትን)፣ የቫይረስ መጠንና አልትራሳውንድ ተሰሪ፣ ከ6 ወር በኋላ ደሞ ይደገም። ብዙ ሰው ክትትል ብቻ ይበቃዋል። መድኃኒት የሚያስፈልገው በቀን አንድ ቴኖፎቪር ይወስዳል፣ አዲስ አበባ ጳውሎስ ሆስፒታል እ.ኤ.አ. በ2015 በጀመረው ፕሮግራም ከ1,000 በላይ ሰው ተከታትሏል፣ እዚህ ሀገር አይቻልም የሚባል ነገር አይደለም። ኪስ የሚጎዳው ከክኒኑ ይልቅ የቫይረስ መጠን ምርመራው ነው፣ እሱ በሌለበት ቦታ ኤኤልቲው በተደጋጋሚ ከፍ ካለ ብቻ መጀመር እንደሚቻል የአለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2024 መመሪያው ላይ አውጥቷል፣ ሐኪምሽ ካላነሳው አንቺ አንሺው። አንዴ ከጀመርሽ ግን ደህና ነኝ ብለሽ በራስሽ እንዳታቋርጪ፣ ቫይረሱ ተናዶ ነው የሚመለሰው።

አረቄ፣ ጠጅ፣ ቢራ ተዪ። ጫትም ጉበት ላይ ጉዳት እንደሚያደርስ ከሐረር አካባቢ የመጡ ጥናቶች አሉ። የሻገተ ኦቾሎኒና የሻገተ በርበሬ አትብዪ፣ ሻጋታው ውስጥ ያለው አፍላቶክሲን ከዚህ ቫይረስ ጋር ሲገናኝ ለጉበት ካንሰር መንገድ ይጠርጋል። አራግፎ መብላት አያድንም፣ ይጣል።

ሜዲካሉን በተመለከተ፣ የባህረ ሰላጤው ሀገሮች ሄፓታይተስ ቢ ወይ ሲ ያለበትን ሰራተኛ አንቀበልም ይላሉ። የነሱ ህግ ነው፣ አንቺ መስራት አትችይም የሚል የህክምና ፍርድ አይደለም፣ እዚህ ሆነሽ የፈለግሽውን ስራ መስራት ትችያለሽ ምግብ ማብሰልም ጭምር። ደላላው የሚልሽን እንዳትሰሚ። ሌላ ሰው ደም ሰጥቶልሽ ብትሄጂ እዛ ስትደርሺ ኢቃማ (የመኖሪያ ፈቃድ) ለማውጣት እንደገና ይመረምሩሻል፣ ብርሽ ተበልቶ በመጣሽበት አውሮፕላን ትመለሻለሽ። እኔ በተለይ የሚያናድደኝ ወረቀቱን ሰጥቶ ዝም ያለሽ የጤና ባለሙያ ነው፣ ለስንት ሺ ልጆች ሀገራችን ውስጥ የመጀመሪያው የሄፓታይተስ ምርመራ ይሄ ሜዲካል ነው፣ አንድ አምስት ደቂቃ ማውራት ምን ነበረበት።

ዶክተር፣ ሹፌር ነኝ አዲስ አበባ። አጎቴ ፍኖተ ሰላም አካባቢ ነው ያለው፣ አይኑ ብርቱካን መስሏል ሽንቱም እንደ ኮካ ነው። ዘመድ ሁሉ የወፍ በሽታ ነው ሐኪም ቤት ከሄደና መርፌ ከተወጋ ይሞታል እያለ የወፍ መድኃኒት የሚያውቅ ሰውዬ ጋ ሊወስዱት ነው። ሰውየው ክንድ ላይ በምላጭ በጥቶ ቅጠል ጨምቆ ያጠጣል፣ ብዙ ሰው አድኗል ይላሉ። የሌሊት ወፍ ነው የሚያመጣው የሚባለው እውነት ነው?

ወንድሜ፣ እኔም ልጅ ሆኜ የሌሊት ወፍ ከላይ ስታልፍ አንገቴን እቀብር ነበር ሽንቷ እንዳይነካኝ ብዬ፣ ስለዚ ዘመዶችህን አልስቅባቸውም። ግን አይደለም። አይን ቢጫ መሆን በሽታ ሳይሆን ምልክት ነው፣ ጉበት ማስወገድ የነበረበት ቢጫ ቀለም ደም ውስጥ ሲጠራቀም ነው። ያንን የሚያመጣው ብዙ ነገር ነው፣ በውሃና በምግብ የሚመጡት ሄፓታይተስ ኤ እና ኢ፣ በደም የሚመጡት ቢ እና ሲ፣ የሐሞት ጠጠር፣ የቲቢ መድኃኒት፣ ወባ፣ አረቄ፣ እጢ። ሄፓታይተስ ኢ ለምሳሌ እ.ኤ.አ. በ2014 ጋምቤላ የደቡብ ሱዳን ስደተኞች ካምፕ ውስጥ ተነስቶ ነበር፣ እሱ ደሞ ለነፍሰ ጡር ሴት በተለይ በመጨረሻዎቹ ወራት በጣም ክፉ ነው።

ሰውየው ብዙ ሰው አድኗል መባሉ አይገርመኝም፣ ውሸትም ላይሆን ይችላል። ሄፓታይተስ ኤ የያዘው ልጅ በሳምንታት ውስጥ ራሱ ይድናል፣ ትልቅ ሰውም አዲስ ቢ ሲይዘው አብዛኛውን ጊዜ ይለቀዋል ብያለሁ ከላይ። ቅጠሉን ቢጠጣም ባይጠጣም ይድን የነበረ ሰው ሲድን ምስጋናው ለሰውየው ይሄዳል። ያልዳነውስ? እሱ ሐኪም ቤት ነው የሚሞተው፣ መጨረሻ ላይ ተሸክመው ስለሚያመጡት፣ ከዛ መርፌ ገደለው ይባላል። እንዲህ ነው ወሬው የሚዞረው።

ችግሩ ቅጠሉን የሚያጣራው ያው የታመመው ጉበት መሆኑ ነው። የተፈጥሮ ነው ማለት አይጎዳም ማለት አይደለም፣ ሰሜን ምዕራብ ትግራይ ውስጥ ሰው ሆዱ እያበጠ ሲሞት ምክንያቱ ጠፍቶ ቆይቶ በኋላ ተመራማሪዎች ያገኙት እህል ውስጥ የገባ አረም መርዝ ነው። ምላጩን ደሞ ተመልከተው፣ በዛው ምላጭ ከአጎትህ በፊት ማን ተበጣ? ሄፓታይተስ ያለበት ሰው ነዋ፣ ሌላማ ማን ይመጣል እሱ ጋ። በሽታውን ከሰው ሰው የሚያዞረው መድኃኒቱ ራሱ ሊሆን ይችላል።

አጎትህ ጠበል ከፈለጉ ይጠመቁ፣ እኔ ምንም አልልም፣ ግን ከምርመራው ጋር እንጂ በምርመራው ፈንታ አይሁን። እንቅልፍ እንቅልፍ ካላቸው፣ ንግግራቸው ከተምታታ፣ ካስመለሳቸውና ደም ካለው፣ ሰገራቸው እንደ ሬንጅ ከጠቆረ፣ ሆዳቸው ካበጠ አንድ ሌሊት ማሳደር የለም፣ ቀጥታ ድንገተኛ።

ዶክ ቶንዶስ ያስተላልፋል ወይስ አያስተላልፍም? ባርበሩ አልኮል ረጭቶ በእሳት ያቃጥለዋል፣ ይበቃል?

ጸጉር ብቻ ከተቆረጥክ ስጋቱ ትንሽ ነው። ምላጭ ፊትህ ላይ ሲመጣ ነው ነገሩ የሚቀየረው፣ አዲስ ምላጭ አይንህ እያየ ከወረቀቱ አውጥቶ ይክፈት። አልኮልና እሳቱ ሾው ነው ማለት ይቻላል፣ ጥርሶቹ መሃል የገባ ደም ሁለት ሰከንድ በምትነድ እሳት አይጠፋም። የራስህን ቶንዶስ ይዘህ ብትሄድ ማንም አይስቅብህም፣ ቢስቅም ይሳቅ። ተከተብና ደሞ እርፍ በል።

እህትዎ ነኝ ከባህር ዳር። 7 ወር ነፍሰ ጡር ነኝ፣ ክትትል ላይ ሄፓታይተስ ፖዘቲቭ ነሽ ተባልኩ። ባሌ ከየት አመጣሽው ብሎ ቤቱ ጸጥ ብሏል። ልጄን በኦፕራሲዮን ልውለድ? ጡትስ ላጥባ?

ባልሽ ከየት አመጣሽው ከማለቱ በፊት እሱም ይመርመር፣ ከየት እንደመጣ ከላይ ለኮምቦልቻዋ እህታችን የጻፍኩትን አንብቢለት። ከትዳራችሁ በፊት፣ ምናልባት ጥርስ ሳታበቅዪ ነው የያዘሽ። ነጻ ከሆነ ይከተባል፣ ክትባቱን እስኪጨርስ ኮንዶም ትጠቀማላችሁ፣ ከዛ አበቃ።

ቫይረሱ ስላለብሽ ብቻ ኦፕራሲዮን አያስፈልግሽም። ጡት አጥቢ፣ ጫፉ ከደማ እስኪድን በዛኛው ብቻ። ዋናው ቁም ነገር ህጻኑ በተወለደ በ24 ሰአት ውስጥ የሄፓታይተስ ቢ ክትባት ማግኘቱ ነው። ፔንታ የሚጀምረው በ6 ሳምንቱ ነው፣ ላንቺ ልጅ 6 ሳምንት ረጅም ነው፣ ምክንያቱም ቫይረሱ የሚያልፈው እዛው ወሊድ ላይ ነው። ስለዚ አሁኑኑ የምትወልጂበት ቦታ ሂጂና ሲወለድ የሚሰጠው ክትባት እናንተ ጋ አለ ወይ ብለሽ ጠይቂ፣ ከሌለ የትኛው ሆስፒታል እንዳለ አጣሪና እዛ ውለጂ፣ ምጥ ከመጣ በኋላ የሚፈለግ ነገር አይደለም። ኢሚዩኖግሎቡሊን የሚባለው መርፌም ከተገኘ አብሮ ይሰጠዋል። ያንቺ የቫይረስ መጠን ደሞ ይታይ፣ ከ200,000 በላይ ከሆነ እስክትወልጂ ቴኖፎቪር ትወስጃለሽ፣ ለጽንሱም ችግር የለውም፣ ኤችአይቪ ያለባቸው እናቶች ስንት አመት ሲወስዱት የቆዩት መድኃኒት ነው። መጠኑን መለካት ካልተቻለም መድኃኒቱ ሊሰጥሽ ይችላል፣ 7 ወር ላይ ስለሆንሽ ግን ቀን አትቁጠሪ። ህጻኑ 6፣ 10 እና 14 ሳምንቱ ላይ ፔንታውን ይጨርስ፣ አመት ሲሞላው ይመርመር። እንዲህ ከተደረገ አብዛኛው ልጅ ነጻ ሆኖ ያድጋል።

ከሲልቨር ስፕሪንግ ሜሪላንድ ነው። አባቴ 68 አመቱ ነው በቅርብ ነው የመጣው፣ እዚህ ቼክ ሲደረግ ሄፓታይተስ ሲ ተገኘበት። መድኃኒት ጻፉለት ምንም ሳያመኝ ክኒን አልውጥም ብሎ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦታል። ምን ልበለው?

ሲ ከቢ የሚለየው እዚህ ላይ ነው፣ ክትባት የለውም ግን ይድናል። ይድናል ስል ይቀንሳል ማለቴ አይደለም፣ ከደም ጨርሶ ይጠፋል። እንደ መድኃኒቱ አይነት 8 ወይም 12 ሳምንት ክኒን ነው፣ ከ100 ሰው ከ95 በላዩ ይድናል። ድሮ ኢንተርፌሮን የሚባል መርፌ ነበር፣ ሰውን አመት ሙሉ የሚያንገላታና ከግማሹ በላይ የማያድን፣ ምናልባት አባትሽ የሰሙት የዛን ዘመን ወሬ ይሆናል። ቫይረሱን ካገኙትና ካጠኑት ሰዎች ሦስቱ እኮ እ.ኤ.አ. በ2020 ኖቤል ተሸልመውበታል።

ከየት መጣብኝ ካሉ፣ በሳቸው እድሜ ያለ ሰው የመስታወት ሲሪንጅ ተቀቅሎ ለሰፈሩ ሁሉ ሲወጋ ያደገ ነው። ግብፅን ንገሪያቸው። ግብፆች እ.ኤ.አ. እስከ 1980ዎቹ ድረስ የቢልሃርዚያ መድኃኒት በመርፌ ሲሰጡ በየመርፌው ሲ ን አዳርሰው በአለም አንደኛ ሆኑ፣ ከዛ እ.ኤ.አ. በ2018ና 2019 ወደ 50 ሚሊዮን አዋቂ መርምረው የተገኘበትን በዚሁ ክኒን አከሙት። የአባይ ጉዳይ እንዳለ ሆኖ ይሄን ይሄን እንኳን ብንኮርጅ አልጠላም።

አንድ ነገር አደራ፣ ክኒኑን ከመጀመራቸው በፊት ሄፓታይተስ ቢ ተመርምረው እንደሆነ ሐኪማቸውን ጠይቂ። ሁለቱም ያለበት ሰው ላይ ሲ ሲጠፋ የተኛው ቢ ሊነሳ ይችላል፣ የሀበሻ ታካሚ ላይ ይሄ ባዶ ስጋት አይደለም። አንቺም እዛው ተመርመሪ፣ አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ2023 ጀምሮ አዋቂ ሁሉ ቢያንስ አንዴ ለቢ እንዲመረመር ነው የሚመከረው፣ ኢንሹራንስሽ አይከራከርሽም ብዬ እገምታለሁ።

ዶክተር ክሊኒክ ውስጥ ጽዳት ነኝ። ትናንት ቆሻሻ ስጠቀልል መርፌ ወጋኝ፣ በግሎቭ ነበርኩ። ለአለቃዬ ስነግረው አልኮል አድርጊበት አለኝ።

ላንቺ የዛኑ እለት በስልክ ነግሬሻለሁ፣ እንደሄድሽም ነግረሽኛል ጎበዝ። ለሌሎቻችሁ፣ መርፌ ከወጋችሁ ሳትጨምቁ በውሃና በሳሙና እጠቡት፣ ሰአቱን ጻፉ፣ በዛው ቀን ኤችአይቪ የሚታከምበት ጤና ጣቢያ ሂዱ። የኤችአይቪ መከላከያው ከ72 ሰአት በኋላ አይሰራም። የሄፓታይተስ ቢ ክትባት ደሞ በ24 ሰአት ውስጥ ቢጀመር ነው የሚሻለው፣ ቢዘገይ እንኳን እስከ 7 ቀን ይሞከራል። ሰው ሁሉ የሚፈራው ኤችአይቪን ነው፣ ቫይረሱ ያለበት ሰው ደም በነካው መርፌ የመያዝ እድሉ ግን ለኤችአይቪ ከ1,000 ሦስቴ ገደማ ነው፣ ለቢ ያልተከተበ ሰው ላይ ከ100 እስከ 30 ይደርሳል።

ነርሱና ዶክተሩ ተከትበው የጽዳት ሰራተኛዋ የምትዘለልበት ቦታ ብዙ አይቻለሁ፣ መርፌውን ግን መጨረሻ ላይ የምትነካው እሷ ናት። ሦስቱንም ዙር አሰጡኝ በይ፣ ወፍራም ጓንትም ጠይቂ፣ ያ ስስ ፕላስቲክ መርፌ አያስቆምም። አለቃሽ እንደገና አልኮል ካለሽ ይሄን ገጽ ቅደጂና የስቶር በሩ ላይ ለጥፊለት።